የፊዚክስ ፒኤችዲ ልጀምር ወይስ ይቅርብኝ? ከዚያ በኋላስ ምን ሥራ አለ?

እኩልታ_አራት_ኪሎ | ሰኞ ማታ 3፡40

ጤና ይስጥልኝ፣ የፊዚክስ ቤተሰቦች።

27 ዓመቴ ነው። ማስተርሴን አምና አራት ኪሎ ጨረስኩ። አሁን አንድ የግል ትምህርት ቤት 11ኛና 12ኛ ክፍል አስተምራለሁ። ማታ ማታ ቤት ለቤት አስጠናለሁ። ሁለቱ ተደምሮ ኪራዬን ይከፍላል፤ ለእናቴም ትንሽ ይተርፋል።

ቴሲሴ በሙቀት ግርግር ውስጥ ስለሚሠሩ ጥቃቅን ሞተሮች ነበር። በሴሎቻችን ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች፣ በዙሪያቸው ያለው ውሃ ከየአቅጣጫው እየገፈተራቸው፣ እንዴት ወደ አንድ አቅጣጫ መራመድ ይችላሉ? አስረክቤ፣ ተመርቄ፣ ፎቶ ተነስቼ አበቃ ብዬ ነበር። አላበቃም። ጥያቄው አብሮኝ ታክሲ ይሳፈራል። ባለፈው ሐሙስ ፒያሳ ሰልፍ ላይ ቆሜ ደብተሬ ጀርባ ላይ ስጽፍ ተራዬ አለፈኝ።

አባቴ ጡረታ የወጣ መካኒክ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጋራዥ ሠርቷል። ፒኤችዲ ልማር ነው አልኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «አምስት ዓመት ተምረሽ ስትጨርሺ ምን ትሆኛለሽ?» አለኝ። «መምህር» አልኩት። «አሁንስ መምህር አይደለሽ?» አለኝ። ክፋት የለውም፤ የልቡን ነው የጠየቀኝ። መልስ አጣሁ።

ልማር? ከተማርኩስ የት? ከማስተማር ሌላ ምን በር ይከፈታል? እባካችሁ «በርቺ» ብላችሁ ብቻ አትለፉኝ። ያያችሁትን ንገሩኝ።

ሦስተኛ_ዓመት | ሰኞ ማታ 4፡15

እኔ እዚሁ አገር ቤት ነው ፒኤችዲ የምሠራው። ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። የማስተምርበት የክልል ዩኒቨርሲቲ ልኮኝ ነው የመጣሁት። ደሞዜ አልተቋረጠም፤ ስጨርስ ተመልሼ የማገለግልበት ውል አለብኝ። ብዙዎቻችን በዚህ መንገድ ነው የምንገባው።

ሰው ሁሉ «ፒኤችዲ ከሆነ ውጭ ሂጂ» ይልሻል። እኔ ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። አንዳንድ ጥያቄ የሚሠራው እዚህ ነው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በእኛ አካባቢ ያልፋል። ከራሳችን በላይ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ቀን ቀን ወደ ምሥራቅ የሚሮጥ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ደግሞ እዚያ ላይ አረፋ የመሰለ ነገር ይነሳና የጂፒኤስ ምልክት ያውካል። የእኔ ሥራ ይህን አረፋ መከታተል ነው። እነ አሜሪካ ያሉ ተማሪዎች መረጃ ከእኛ ለምነው ነው የሚሠሩት። አራት ኪሎ ግቢ ያለው የጂኦፊዚክስ ታዛቢ የተቋቋመው በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሰሞን ነው፤ እ.ኤ.አ. 1957 እና 58 መሆኑ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ መዝገብ አለ።

መሬቱም እንደዚሁ ነው። በታኅሣሥና በጥር 2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል ሌሊት ሌሊት ሲያናውጠን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ልጁን አቅፎ ወርዷል። ያን ሰሞን ጎረቤቶቼ በሬን አንኳኩተው «ምንድን ነው? ይብሳል ወይ?» ሲሉኝ የእኔ መስክ ባይሆንም የማውቀውን አስረዳኋቸው። ይህን ጥያቄ በደንብ የሚመልስ ሰው ለአገር ያስፈልጋል።

ችግሩን አልደብቅሽም። ኢንተርኔት ይቆራረጣል። ለጆርናል ፔፐር (የምርምር ጽሑፍ) ልከሽ መልስ እስኪመጣ ስድስት ወር ይቆያል። ዕቃ የሚፈልግ የላቦራቶሪ ሥራ ከሆነ በጣም ይከብዳል። ያንቺ ግን ቲዮሪና ኮምፒውተር ነው። ወረቀትና ጥሩ ላፕቶፕ ካለሽ ግማሽ መንገድ ሄደሻል።

እኩልታ_አራት_ኪሎ | ሰኞ ማታ 4፡32

አመሰግናለሁ ወንድሜ። እዚህ ሆኖ ውጭ ካሉት ጋር አብሮ መሥራት አይቻልም?

ሦስተኛ_ዓመት | ሰኞ ማታ 4፡50

ይቻላል። ጣልያን ትሪየስቴ ያለው ዓለም አቀፉ የቲዮሪ ፊዚክስ ማዕከል፣ አይሲቲፒ፣ ሳንድዊች የሚባል ፕሮግራም አለው። ምዝገባሽ እዚህ ሆኖ በየዓመቱ ለጥቂት ወራት እዚያ ሄደሽ ከሌላ አማካሪ ጋር ትሠሪያለሽ። ማዕከሉን እ.ኤ.አ. በ1964 የመሠረቱት ፓኪስታናዊው አብዱስ ሰላም ናቸው፤ በኋላ በ1979 ኖቤል ያገኙት። የመሠረቱትም እንደኛ ካሉ አገሮች የሚመጣ ሰው አገሩን ሳይለቅ ከሳይንሱ እንዳይነጠል ብለው ነው። ኪጋሊ ደግሞ የእነሱ አጋር የሆነ ተቋም አለ፤ ማስተርስም ፒኤችዲም ያስተምራል። በአውሮፕላን ቅርብ ነው።

ከራይን_ማዶ | ማክሰኞ ጠዋት 1፡20

ጀርመን ነው ያለሁት። እዚህ ፒኤችዲ ማለት ሥራ ነው። ይህን መጀመሪያ ልብ በይው፤ እኔም ከመምጣቴ በፊት አልገባኝም ነበር። ዩኒቨርሲቲው ወይም የምርምር ተቋሙ ይቀጥርሻል። ውል ትፈርሚያለሽ። ጡረታና የጤና መድን ይቆረጥልሻል። ብዙ ጊዜ የሚከፈልሽ የሙሉ ደሞዙ ግማሽ ወይም ሁለት ሦስተኛ ነው፤ ግን ያኖራል። ከሦስት እስከ አራት ዓመት ነው። ማስተርስ ይጠይቃሉ፤ አንቺ አለሽ። የትምህርት ክፍያ የለም።

እንደ ስኮላርሺፕ በዓመት አንዴ የሚከፈት በር ብቻ አትጠብቂ። ክፍት ቦታ በማንኛውም ወር ይወጣል። ከዚያ ይልቅ የሚበጀው በቀጥታ መጻፍ ነው። በጥያቄሽ ላይ የሚሠራ ፕሮፌሰር ፈልጊ። የቅርብ ጊዜ ሁለት ፔፐሩን አንብቢ፤ ከላይ ከላይ ሳይሆን እያንዳንዱን እኩልታ ራስሽ አውጪው። ከዚያ ባለ አሥር መስመር ኢሜይል። «በሦስተኛው ክፍል ያለው ግምት ሙቀቱ ቦታ በቦታ ሲለያይ ይሠራል ወይ? እኔ በቴሲሴ እንዲህ አግኝቻለሁ» የሚል ዓይነት። «የተከበሩ ፕሮፌሰር፣ በእርስዎ ድንቅ ሥራ ተማርኬ» የሚለውን በቀን ሃያ ያገኛሉ፤ አያነቡትም።

አሜሪካ ሌላ ነው። እዚያ በባችለርም ይገባል። ብዙ ጊዜ አምስት ስድስት ዓመት ይወስዳል። መጀመሪያ ኮርስ፣ ቀጥሎ ማለፊያ ፈተና፣ ከዚያ ምርምር። በፊዚክስ ክፍያው ተሸፍኖ ወርሃዊ አበልም ይሰጥሻል፤ በምትኩ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን ላቦራቶሪ ታስተምሪያለሽ። ማመልከቻው በአብዛኛው በእነሱ ታኅሣሥና ጥር ይዘጋል። ለአንድ ማመልከቻ ከ70 እስከ 100 ዶላር የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። በእኛ ብር ስታሰቢው ያስደነግጣል። ግን ጽፈሽ ጠይቂያቸው፤ ብዙ ዲፓርትመንት ክፍያውን ይተዋል። እኔ ከአምስቱ አራቱ ትተውልኛል።

ትቼ_የወጣሁ | ማክሰኞ ጠዋት 2፡05

የኔ ታሪክ ደስ አይልም። ግን መጻፍ አለብኝ።

ሦስት ዓመት ፒኤችዲ ሠርቼ ትቻለሁ። የት እንደነበር አልናገርም። አገሩን መርጬ፣ የዩኒቨርሲቲውን ስም መርጬ ሄድኩ። ሰውየውን አልመረጥኩም። አማካሪዬ ትልቅ ሰው ነበር። ስሙን ሁሉም ያውቀዋል። በሁለተኛው ዓመት ሰባት ወር ሙሉ አንድ ኢሜይል አልመለሰልኝም። ቢሮው በር ላይ ቆሜ ስጠብቅ የነበረውን ኮሪደር ዛሬም በሕልሜ አየዋለሁ። ጥያቄዬ ጥሩ ይሁን መጥፎ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። ቀስ በቀስ ራሴን መጠርጠር ጀመርኩ። እንቅልፍ ተወኝ። እናቴ በስልክ ድምፄን ሰምታ «ና ልጄ፣ ተወው» አለችኝ።

ስለዚህ እህቴ፣ አገር ከመምረጥሽ በፊት ሰው ምረጪ። የቀድሞ ተማሪዎቹን ፈልጊ። ስማቸው ፔፐሩ ላይ አለ። ለሁለቱ ጻፊላቸው። ሦስት ነገር ብቻ ጠይቂ፦ በስንት ጊዜ ያገኛችኋል? ስንቶቹ ጨረሱ? ከጨረሱ በኋላ የት ናቸው? መልሱ አጭርና ጥንቃቄ የበዛበት ከሆነ ይገባሻል።

ግን ይህንንም ስሚኝ። ያ ሦስት ዓመት ባዶ አልሆነም። አሁን ሰንጋ ተራ ከሚገኙት ረጃጅም የባንክ ሕንፃዎች በአንዱ ነው የምሠራው። በየቀኑ በሚሊዮን የሚቆጠር የሞባይል ዝውውር ውስጥ የማጭበርበር ምልክት እንፈልጋለን። ከጫጫታ ውስጥ ምልክት መለየት፣ «ይህ እውነት ነው ወይስ አጋጣሚ?» ብሎ መጠየቅ፣ እርግጠኛ ያልሆኑበትን መጠን በቁጥር ማስቀመጥ። ይህን የተማርኩት እዚያ ነው። ባንክ ውስጥ ማንም አላስተማረኝም።

የጨረር_ክፍል | ማክሰኞ ከሰዓት 7፡30

እኔ ደግሞ ከሆስፒታል ነኝ። ሜዲካል ፊዚሲስት ነኝ፤ ለካንሰር ሕክምና የሚሰጠውን ጨረር መጠን የምንለካው እኛ ነን። ብዙ የፊዚክስ ተማሪ ይህ ሥራ መኖሩን አያውቅም። እኔም ሦስተኛ ዓመት እስክደርስ አላውቅም ነበር።

በመጀመሪያ እውነቱን ልናገር። ለዚህ ሥራ ዶክትሬት ግዴታ አይደለም። ማስተርስና በክሊኒክ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ዓመት የሚሆን ሥልጠና ነው የሚፈለገው። ዶክትሬት ያለው ግን ሌሎችን ያሠለጥናል፤ አዲስ ማሽን ሲመጣ ሥራ የማስጀመሩን ኃላፊነት ይሸከማል። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። አሁን በክልልም እየተከፈተ ነው። ማሽን በዶላር ይገዛል፤ ማሽኑን የሚያውቅ ሰው ግን በጥቂት ወር አይሠራም።

ጠዋት የምሠራውን ላሳይሽ። በሽተኛ ከመግባቱ በፊት ነው። በውሃ የተሞላ የፕላስቲክ ሣጥን አልጋው ላይ እናስቀምጣለን። ውሃው የሰው ገላ ምትክ ነው። በውስጡ ጣት የማታክል መሣሪያ እናስገባለን፤ አዮን ቻምበር እንላታለን። በሆዷ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ ያነሰ አየር ይዛለች። ጨረሩ ሲያልፍባት አየሩ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፤ እሱን እንለካለን። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ባሮሜትር፣ የአየር ግፊት መለኪያውን፣ አያለሁ።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ። መሣሪያዋ የተስተካከለችው ለባሕር ጠለል የአየር ግፊት ነው፤ 1013 ሄክቶፓስካል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ግፊቱ 770 አካባቢ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ መሣሪያዋ ውስጥ ያለውም አየር ያንሳል። ስለዚህ ንባቡ ከእውነቱ በአንድ አራተኛ ገደማ ያነሰ ሆኖ ይታያል። ንባቡን በ1.3 ገደማ ካላባዛነው ማሽኑ የደከመ ይመስለናል። የደከመ መስሎን ጨረሩን ብንጨምር በሽተኛው ይቃጠላል። አንዲት ቁጥር ናት። በየቀኑ አያታለሁ፤ በየቀኑ ደግሜ አሰላታለሁ፤ ጓደኛዬ ደግሞ እኔን ሳያይ ያሰላታል። ሁለታችን አንድ ካልሆንን ማንም አይገባም።

ድሮ የነበሩት የኮባልት ማሽኖች ደግሞ ሌላ ነገር ነበራቸው። ኮባልት 60 በ5 ዓመት ከ3 ወር ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። በወር አንድ በመቶ ማለት ነው። ስለዚህ ለአንዲት እናት አምና የተሰጣት የጨረር ደቂቃ ዘንድሮ ለሌላዋ አይበቃም። የሰዓቱን ሠንጠረዥ በየወሩ እንቀይር ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የተማርሽው ያ የግማሽ ዕድሜ ቀመር ነው፤ ሌላ አይደለም።

ለአባቴ መልስ አጣሁ ብለሽ ነበር። እኔ ብሆን ይህን እነግራቸዋለሁ።

እኩልታ_አራት_ኪሎ | ማክሰኞ ማታ 2፡10

እህቴ፣ ሦስቴ አነበብኩት። ግማሽ ዕድሜን ለተማሪዎቼ ሁለት ዓመት አስተምሬ አንድም ቀን እንዲህ ብዬ አላስረዳኋቸውም። ነገ 12ኛ ክፍል ስገባ ይህን ነው የምነግራቸው።

አንድ ያልጻፍኩት ነገር አለ። ቤት ውስጥ የሚነሳው የገንዘብ ነገር ብቻ አይደለም። ዕድሜዬም ነው። ዘመድ ሲመጣ «ትምህርቱ መቼ ነው የሚያልቀው? ትዳርስ?» ነው። 33 ዓመት ሲሞላኝ ገና ተማሪ እሆናለሁ።

የጨረር_ክፍል | ማክሰኞ ማታ 2፡45

33 ዓመት አይቀርልሽም። ተማርሽም አልተማርሽም ይሞላሻል። እኔ ማስተርሴን ስሠራ ልጄን ታቅፌ ነው የጻፍኩት፤ እናቴ ነች ያገዘችኝ። ቀላል ነበር አልልሽም። አማካሪ ስትመርጪ ግን ይህንንም ጠይቂ፦ ልጅ የወለደች ተማሪ ነበረቻችሁ? እንዴት ሆነች? ማፈር አያስፈልግም።

ጡረተኛው_መምህር | ረቡዕ ጠዋት 3፡00

ልጆቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። 34 ዓመት ፊዚክስ አስተምሬአለሁ። ስለ ዕድሜ ሲነሳ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ልጄ፣ ቴሲስሽ በሙቀት ግርግር ስለሚሠሩ ሞተሮች ከሆነ የፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለን ስም ሳትሰሚ አልቀረሽም። አራት ኪሎ በስታቲስቲካል ፊዚክስ ብዙ ተማሪ ያፈሩ ሰው ናቸው። በደርግ ዘመን ለዓመታት ታስረዋል። እስር ቤት ውስጥ ሆነው አብረዋቸው የታሰሩትን ያስተምሩ ነበር። ዶክትሬታቸውን የሠሩት ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው፤ ሕንድ ባንጋሎር ሄደው። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር በሶቪየቱ ፊዚሲስትና የሰብዓዊ መብት ተሟጋች በአንድሬ ሳካሮቭ ስም የሚሰጠውን ሽልማት ሰጥቷቸዋል። ጊዜው አለፈ የሚልሽ ሰው ካለ እሳቸውን አስቢ።

ስለ መምህርነትም አንድ ቃል ልበል። አባትሽ «አሁንስ መምህር አይደለሽ?» ያሉት ልክ ነው፤ ነሽ። ልዩነቱ ግን ይህ ነው። እኔ 34 ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው የመለሰውን ጥያቄ ነው ያስተማርኩት። ወድጄዋለሁ፤ አልጸጸትበትም። ግን አንድ ጊዜ እንኳ ማንም ያልመለሰውን ጥያቄ ይዞ ለተማሪ «ይህን ማንም አያውቅም፤ ና አብረን እንየው» ማለት እመኝ ነበር። ዕድሉን አላገኘሁም። አንቺ ካገኘሽው አትልቀቂው።

እኩልታ_አራት_ኪሎ | ረቡዕ ጠዋት 3፡25

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕረፍት ሰዓት ላይ አንብቤው ዓይኔ እንባ ሞላ። ተማሪዎችዎ ምን ያህል ዕድለኞች ነበሩ።

ከራይን_ማዶ | ረቡዕ ማታ 3፡15

ስለ ሥራው ያልጨረስኩት ነበር። ልጨምር።

ከፊዚክስ ዶክትሬት ከሚመረቁት ውስጥ አብዛኞቹ ፕሮፌሰር አይሆኑም። ይህ የየትም አገር እውነት ነው። የቋሚ መምህር ቦታ ጥቂት ነው፤ ከዚያ በፊት ፖስትዶክ (ከዶክትሬት በኋላ ያለ ጊዜያዊ የምርምር ሥራ) እያሉ በየሁለት ዓመቱ ከተማ መቀየር አለ። ይህን ቀድማችሁ ካላወቃችሁ ልብ ይሰብራል። ከእኔ ላቦራቶሪ የጨረሱትን ልቁጠርልሽ። አንዱ ኔዘርላንድስ ፌልድሆፈን ኤኤስኤምኤል ገባ። የዓለም ምርጥ ቺፖች የሚታተሙበትን ማሽን የሚሠራ ድርጅት ነው፤ 13.5 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ባለው ብርሃን ይሠራል፤ ፊዚክስ የተማረ ሰው በጣም ይፈልጋሉ። አንዷ የአየር ንብረት ሞዴል ላይ ናት። አንዱ የኢንሹራንስ ድርጅት ውስጥ ስጋት ያሰላል። አንዱ ብቻ ዩኒቨርሲቲ ቀረ።

ልብ በይ፤ ማንም በቴሲሱ ርዕስ አልተቀጠረም። የተቀጠሩት በሠሩበት መንገድ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ኮድሽን ንጹሕ አድርገሽ ጻፊ። ፓይተን፣ ቢቻል ሲ ፕላስ ፕላስ። ያንቺ መስክ ደግሞ ወደ ባዮፊዚክስ ቅርብ ነው፤ የመድኃኒት ምርምርም አለ።

ሦስተኛ_ዓመት | ረቡዕ ማታ 3፡40

አገር ውስጥም አለ እኮ። የጠፈር ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት አለ። እንጦጦ ላይ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች አሉ። የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2019 ስትመጥቅ እኔ ገና ባችለር ነበርኩ፤ ያን ቀን ነው የወሰንኩት። የሥነ ልክ ተቋም አለ፤ የጨረር ቁጥጥር አለ፤ የከርሰ ምድር እንፋሎት ኃይል ፍለጋ አለ። ቦታው ብዙ ነው አልልም። ግን ባዶ አይደለም።

እኩልታ_አራት_ኪሎ | እሑድ ከሰዓት 9፡30

ያለፈውን ሳምንት ልንገራችሁ።

ሁለት ኢሜይል ጻፍኩ። ሁለቱም ወደ ጀርመን፤ ሁለቱም በእኔው ጥያቄ ላይ ለሚሠሩ። አንዱን ለመጻፍ አራት ሌሊት ፈጀብኝ፤ የፔፐሩ ሦስተኛ ክፍል ላይ ያለው እኩልታ አልወጣ ብሎኝ። ወጣልኝ። ለሁለት የቀድሞ ተማሪዎችም ጻፍኩ። አንዷ በዚያው ቀን መለሰችልኝ፤ ረጅምና የሞቀ መልስ ነው። የሳንድዊቹንም ሁኔታ ከቀድሞ አማካሪዬ ጋር ልነጋገር ቀጠሮ ይዣለሁ። የትም ብሄድ ጥያቄዬን ይዤ ነው የምሄደው።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለአባቴ ቡና ላይ የአዮን ቻምበሯን ነገር ነገርኩት። ውሃው ሣጥን፣ ባሮሜትሩ፣ 1.3ቷ። ሲኒውን አስቀመጠ።

«ድሮ ከአሰብ አዲስ መኪና ሲመጣ» አለኝ፤ «እዚያ ደህና የነበረው እዚህ ሲደርስ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ጉልበት ያጣል። ባለቤቱ ሞተሩ ተበላሸ ብሎ ይጨነቃል። ሞተሩ ምንም አልሆነም። አየሩ ስስ ነው፤ ቤንዚኑ በዝቶበት ነው። ካርቡራተሩን ከፍተን ቤንዚኑን እንቀንስለት ነበር።» ትንሽ ዝም አለና «እኛ በጆሮ ነበር የምናስተካክለው። እነሱ በቁጥር ነው» አለ።

ከዚያ ግማሽ ሰዓት ስለ አየር ግፊት አወራን። ከአባቴ ጋር ስለ ፊዚክስ አውርተን አናውቅም ነበር። ሲነሳ ደግሞ «ያን ማሽን ሰው ያሳያሉ?» ብሎ ጠየቀኝ።

የጨረር_ክፍል | እሑድ ማታ 1፡05

ፈቃድ እጠይቅላቸዋለሁ። ማሽኑ ሥራ በማይኖረው ሰዓት ነው የሚሆነው፤ ጠዋት በጣም ማልደው መምጣት ይችሉ እንደሆነ ጠይቂልኝ። ባሮሜትሩን ራሳቸው ያነባሉ።